ኦክስጅንን ዩራኒየም ላይ መተኮስ፣ ደሴ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ

ሰኞ ማታ፣ ደሴ

እንግዲህ ጀምሬዋለሁ። አክሰለሬተር (ቅንጣት አፋጥኖ የሚተኩስ ማሽን) የለንም፣ በቅርቡም የምናገኝ አይመስለኝም፣ ግን ኦክስጅን 16 ተፋጥኖ ዩራኒየም 238 ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚፈጠር በኮድ አስመስሎ ማየት ይቻላል፣ ተማሪዎቼም ከዲቴክተር የሚወጣውን ዓይነት ዳታ እንደ ባለሙያ አገላብጠው እንዲፈትሹት ነው የምፈልገው። እነሱ ፊሽን ሲባል የሚያውቁት ቀርፋፋ ኒውትሮን ዩራኒየም 235 ውስጥ ገባና ለሁለት ተከፈለ የሚለውን ብቻ ነው፣ ሃንና ሽትራስማን 1938 መጨረሻ ላይ ያገኙት ማይትነርና ፍሪሽ የፈቱት ነገር፣ ኮርሱም እዛው ላይ ያበቃል።

በከባድ አዮን ሲሆን ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ማንም ሳይከለክለው ሰተት ብሎ ይገባል፣ ኦክስጅን ግን 8 ፕሮቶን ይዞ 92 ፕሮቶን ወዳለበት ስለሚሄድ በኃይል ካልሆነ አይገባም፣ ከገባ ደግሞ ይዞት የመጣውን ጉልበትም ሞመንተምም እዛው ያራግፋል። ጥያቄዬ አንድ ናት፣ ኒውክለሱ ሲሰነጠቅ የሚወጡት ሁለቱ ቁራጮች፣ ስንጣሪዎች የምላቸው፣ በምን አንግልና ፍጥነት እንደወጡ ብቻ አይተን፣ ኦክስጅኑ ሙሉ በሙሉ ተውጦ ነበር ወይስ የተወሰነ ነገር ወርውሮ አመለጠ የሚለውን መለየት እንችላለን ወይ? ሁለቱም ዩራኒየሙን ሊሰነጥቁት ይችላሉ እኮ፣ አልፋ (2 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን) የምታክል ነገር ብቻ ብትገባም ይበቃዋል፣ በዚህ ሰፈር ያሉ ኒውክለሶች የፊሽን ባሪየራቸው፣ ለመሰንጠቅ መሻገር ያለባቸው ጉልበት፣ 6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው (ከዚህ በኋላ ሜቮ ነው የምለው፣ ጣቴን ልቆጥብ)።

ማክሰኞ

መጀመሪያ የኩሎምቡን ባሪየር አሰላሁ፣ የፊሽኑን አይደለም፣ የሁለቱ ቻርጅ ስለሚገፋፋ ኦክስጅኑ ለመግባት መሻገር ያለበትን ጉልበት ነው። አሰራሩ ለ12ኛ ክፍል ተማሪም አይከብድም፣ ሁለቱን ቻርጅ ማባዛት (8 በ92፣ 736)፣ በ1.44 ማባዛት፣ ከዛ በፌምቶሜትር ለተለካው ርቀት ማካፈል፣ መልሱ በሜቮ ይወጣል። ርቀቱን ከተለመደው የራዲየስ ፎርሙላ በ1.2 ካሰላኸው 10.5 ፌምቶሜትር ይመጣና ባሪየሩ 101 ሜቮ ነው ይልሃል። ይሄ ከእውነተኛው በጣም ይበዛል፣ ምክንያቱም ኒውክለስ ዳሩ በቢላ የተቆረጠ አይደለም፣ እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ ሁለቱ ገና በደንብ ሳይነካኩ ኒውክሌር ስበቱ መጎተት ይጀምራል። ስለዚ ባሪየሩ የሚቆመው ወደ 12 ፌምቶሜትር ላይ ነው፣ ስበቱ የሚቀንስለት ጥቂት ሜቮ ሲታሰብ 82 አካባቢ ይሆናል። ኮዱ ውስጥ ያስገባሁት ይሄንን ነው፣ የ101ዱንም አልሰረዝኩትም፣ ተማሪዎቹ ሁለቱን አስተያይተው ለምን እንደተለያየ ይጻፉልኝ።

ሌላው ሁሌ የሚምታታው ነገር፣ ቢሙ (የሚተኮሰው ኦክስጅን) 100 ሜቮ ነው ሲባል 100ውም ለሥራ ይውላል ማለት አይደለም። ከፊሉ ሁለቱን ተያይዘው ወደፊት ለማስኬድ ይጠፋል፣ በማዕከለ ክብደት ስናየው የሚቀረው 93.7 ነው። ከዛ ላይ ውህደቱ ራሱ 38 ሜቮ ገደማ ይበላል፣ ኦክስጅን 16 እና ዩራኒየም 238 ሲዋሀዱ ፈርሚየም 254 ነው የሚሆኑት፣ ክብደቱ ከሁለቱ ድምር ይበልጣልና ልዩነቱን ከጉልበቱ ነው የሚከፍለው። በመጨረሻ ፈርሚየሙ ጋር የሚቀረው የሙቀት ጉልበት 55 አካባቢ ነው። ለ6 ሜቮ ባሪየር 55 ይዘህ ስትመጣ እንግዲህ መሰንጠቁ አይቀርም በለው።

እዚህ ጋ ተማሪ ሁሌ የሚጠይቀኝ ነገር አለ፣ ስንጣሪዎቹ ለምን እኩል አይሆኑም የሚል። በኒውትሮን ሲሆን የአንዱ ክብደት 95 አካባቢ የ ሌላው 140 አካባቢ ሆኖ ሁለት ጉብታ ይሰራሉ፣ ይሄ የሼል፣ ማለትም ፕሮቶንና ኒውትሮን ኒውክለሱ ውስጥ በደረጃ የመደርደራቸው፣ ሥራ ነው። 55 ሜቮ ሙቀት ሲኖር ግን የሼሉ ተጽእኖ ስለሚደክም መሀል ላይ አንድ ሰፊ ጉብታ ይሆናል፣ እኔም ኮዱ ላይ 127 መሀሉ የሆነ አንድ ጋውሲያን (የደወል ቅርጽ ያለው ስርጭት) ብቻ ነው ያስገባሁት።

ረቡዕ

መብራት የለም። ከጠዋት ጀምሮ። ላፕቶፑ ባትሪው ካረጀ ቆይቷል ሶኬት ካልያዘ አይነሳም፣ ስለዚ ሥራውን ወደ ግቢ አወጣሁት።

በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ሳልኩት። ስሌቱ ትናንት ማታ አልቋል፦ የኦክስጅኑ ሞመንተም ለ254ቱ ሲካፈል ፈርሚየሙ በናኖ ሰከንድ 0.22 ሴንቲሜትር ወደፊት ይሄዳል፣ የብርሃንን 0.73 ከመቶ ማለት ነው። ስንጣሪዎቹ ደግሞ ሲለያዩ የሚይዙት ጠቅላላ የእንቅስቃሴ ጉልበት በቪዮላ ቀመር ይገኛል፣ ቪዮላና ባልደረቦቹ 1985 ላይ ያደሷት ቀመር 0.1189 ሲባዛ በዜድ (የፕሮቶን ቁጥር) ስኩዌር፣ ሲካፈል ለኤ (የፕሮቶንና ኒውትሮን ድምር) ኪዩብ ሩት፣ ሲደመር 7.3 ናት። ለፈርሚየም 254 195 ሜቮ ትሰጣለች፣ እኩል ሲካፈሉ ለያንዳንዳቸው 97.5፣ ፍጥነታቸው በናኖ ሰከንድ 1.22 ሴንቲሜትር። ግቢው ላይ መቶ እጥፍ አድርጌ አሰመርኩት፣ ከበሩ ወደ ቧንቧው የቢሙ መስመር፣ መስመሩ ላይ 22 ሴንቲ ሄጄ ነጥብ፣ ከነጥቡ ግራና ቀኝ ቀጥ ብሎ 122፣ 122 ሴንቲ። ከዛ ሁለቱን ጫፍ ከመነሻው ጋር አገናኘሁ። በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካው እያንዳንዱ ክንድ 124 ሴንቲ፣ መሀሉ ላይ የተማሪ ፕሮትራክተር ሳስቀምጥ 160 ዲግሪ ላይ አረፈ። ኮዱ የሚለው 159.6 ነው። ጠመኔው ራሱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይወፍራል።

አከራዬ እትዬ ቡና ልታጥብ ወጥታ ትንሽ ቆማ አየችኝና፣ «ልጄ፣ ምንድነው የምትለካው? ግቢው ሊሸነሸን ነው እንዴ?» አለች። ኧረ ትምህርት ነው እትዬ፣ ለተማሪዎች ነው አልኳት። «ይሁና፣ ብቻ ችካል እንዳትተክልብኝ» ብላ ገባች። ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ለክፍሉ የመጀመሪያ ስላይድ እሱ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዛ ሥዕል ላይ አለ። ፈርሚየሙ ባይንቀሳቀስ ኖሮ ስንጣሪዎቹ ፊትና ጀርባ ሆነው 180 ነበር የሚወጡት፣ ከ180 የጎደለችው 20 ዲግሪ ኦክስጅኑ ይዞት የመጣው ሞመንተም ናት። ይሄንን በሁለቱ ስንጣሪዎች መሀል ያለውን አንግል ሰዎቹ ፎልዲንግ አንግል ይሉታል።

ሐሙስ እና አርብ

መብራት መጣ፣ ኮዱ ነፍስ ዘራ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ ከነምፓይ (የስሌት ላይብረሪው) ሌላ ምንም አያስፈልገውም፣ መቶ ሺህ ክስተት በጥቂት ሰከንድ ያወጣል፣ ለዚህ የሚሆን ኮምፒውተር ማንም ጋ አለ። ለያንዳንዱ ክስተት የማደርገው የስንጣሪውን ክብደት በዘፈቀደ መምረጥ፣ ጉልበቱን በቪዮላ ዙሪያ ማወዛወዝ፣ አቅጣጫ መምረጥ፣ የፈርሚየሙን ፍጥነት መደመር፣ ከዛ ኒውትሮኖቹን ማትነን ነው።

ኒውትሮኖቹ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይዘላቸዋል። ስንጣሪዎቹ ትኩስ ሆነው ስለሚወለዱ ኒውትሮን ይረጫሉ፣ እኔ ለያንዳንዱ 4 አስገብቻለሁ እያንዳንዷ 2 ሜቮ ገደማ ይዛ። አንዷ ኒውትሮን ስትወጣ ስንጣሪውን የምትገፋው በጣም ትንሽ ነው፣ የሷ ሞመንተም 61 የስንጣሪው 4800 (በሜቮ ለሲ)። ግን አራቱም በየራሳቸው አቅጣጫ ስለሚገፉ ድምሩ ፎልዲንግ አንግሉን ወደ 3 ዲግሪ ስፋት ያለው ጉብታ ያደርገዋል። ደስ የሚለው ነገር መሀሉን አያዛንፉትም፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚወጡ የስንጣሪው አማካይ ፍጥነት አይነካም፣ ስፋት ብቻ ነው የሚጨምሩት። የጉልበቱ መወዛወዝ የሚጨምረው ከዛ ያነሰ ነው። የክብደቱ ልዩነት ደግሞ ምንም ማለት ይቻላል፣ 140 ለ114 ቢከፈል እንኳ 90 ዲግሪ ላይ ለውጡ 0.2 ዲግሪ ናት፣ ይሄንን አልጠበቅኩትም ነበር፣ ትልቅ ለውጥ ያመጣል ብዬ ነበር የፈራሁት።

የሚያሳስበው የወጡበት አቅጣጫ ነው። የጠመኔው ሥዕል ስንጣሪዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ጎን ሲወጡ ያለውን ነው የሚያሳየው። በማዕከለ ክብደት 60 ዲግሪ ላይ ከወጡ 160 የነበረው 162 ይሆናል፣ 30 ላይ ከወጡ 169.5። ሁሉንም አንድ ሂስቶግራም ውስጥ ከከተትከው በስተቀኝ ረጅም ጭራ ያወጣና ሌላ ዓይነት ሪአክሽን ይመስላል፣ ግን ያው ሙሉ ውህደት ነው። ይሄን ጭራ ኮዱ ውስጥ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፣ ተማሪ ራሱ ይድረስበት።

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

ሐረጎን ወርጄ ጓደኛዬ ጋ ነኝ፣ እሱ ሶፍትዌር ነው የሚሰራው ፊዚክስ ከኮሌጅ በኋላ አልነካም፣ ለዛ ነው የፈለግኩት፣ የማይገባውን ነገር ዝም ብሎ የማያሳልፍ ሰው ያስፈልጋል። ታች ሙቀቱ ሌላ ነው፣ የላፕቶፑ ፋን ገና ስከፍተው ጀመረ።

ዛሬ ያስገባነው ከፊሉን ሰጥቶ የሚያመልጠውን ነው። ኦክስጅን 16 አልፋውን ለዩራኒየሙ ሰጥቶ ካርቦን 12 ሆኖ ይሄዳል፣ ዩራኒየሙ ፕሉቶኒየም 242 ይሆንና እሱ ይሰነጠቃል። ቢሙን 140 ሜቮ አድርገን፣ ካርቦኑ የቢሙን ፍጥነት እንደያዘ ፊት ለፊት ቀጠለ ብለን አስኬድነው። ፕሉቶኒየሙ የሚደርሰው ከሞመንተሙ ሩብ ብቻ ስለሆነ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ስንጣሪዎቹ 173 ዲግሪ ላይ ይወጣሉ፣ ሙሉ ውህደቱ 156 ላይ ነው። ሁለት ጉብታ፣ መሀላቸው ባዶ። ጓደኛዬ «በቃ አለቀኮ፣ ትልቅ አንግል ካየህ ከፊል ነው፣ ትንሽ ካየህ ሙሉ ነው» አለ።

አብሽር ቆይ፣ ቢሙን ወደ 90 እናውርደው አልኩት።

90 ላይ ከባሪየሩ እምብዛም አልራቅንም። እዚህ ጋ ኦክስጅኑ ዩራኒየሙን በጎን ገጭቶ ወደፊት አያልፍም፣ ኩሎምቡ መልሶ ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ አልፋውን የሰጠው ካርቦንም ወደ ኋላ ነው የሚመለሰው። 140 ዲግሪ ላይ ወደ ኋላ ተመለሰ ብለን፣ ፕሉቶኒየሙ 8 ሜቮ ያህል ይዞ ቀረ ብለን አሰላነው። የፕሉቶኒየሙ የቢም አቅጣጫ ፍጥነት ከሙሉ ውህደቱ ፍጥነት 1.5 እጥፍ በላይ ወጣ። ፎልዲንግ አንግሉ 149፣ የሙሉ ውህደቱ 161። ማለትም ሁለቱ ጉብታዎች ቦታ ተቀያየሩ!

ጓደኛዬ አላመነም፣ «ትንሽ ሰጥቶ እንዴት ብዙ ይገፋል?» አለ፣ ሳይን እና ኮሳይኑን አንድ በአንድ ፈተሸው። መልሱ ኳስ ላይ ነው ያለው፣ ቀላል ኳስ ከባድ ኳስ መትቶ ወደ ኋላ ሲመለስ የተመታው ኳስ የሚያገኘው ግፊት ቀላሉ ይዞት ከመጣው ይበልጣል፣ የተመለሰው ኳስ ሞመንተም ምልክቱ ስለሚገለበጥ ሒሳቡን የሚያወራርደው የተመታው ነው። ይሄን ስለው ገባው፣ ከዛ በኋላ ኮዱን የሚያሯሩጠው እሱ ሆነ፣ የካርቦኑን አንግል ከ30 ጀምሮ እያሳደገ ጉብታው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሻገር በአኒሜሽን አሳየኝ። መሀል ላይ በአንድ አንግል አካባቢ ሁለቱ ጉብታዎች በትክክል ይደራረባሉ፣ እዛ ጋ ፎልዲንግ አንግል ብቻውን ምንም አይጠቅምህም።

እሁድ

ስለዚ አንግል ብቻ አይበቃም፣ ፍጥነትም ያስፈልጋል። ፍጥነት ለማግኘት ስንጣሪው ከታርጌት (ከሚመታው ዩራኒየም) እስከ ዲቴክተር የፈጀበትን ጊዜ መለካት ነው፣ ሰዎቹ ለዚህ ቦታና ሰዓት አብሮ የሚነግር በጋዝ የሚሰራ ባለብዙ ሽቦ ዲቴክተር በሁለቱም በኩል ያቆማሉ፣ ታርጌቱ ደግሞ ስንጣሪዎቹ እንዲያልፉ በጣም ስስ ነው፣ በስኩዌር ሴንቲሜትር የማይክሮግራም ጉዳይ።

ቀመሩ እንዲህ ነው፦ ከያንዳንዱ ስንጣሪ ፍጥነት በቢሙ አቅጣጫ ያለውንና ወደ ጎን ያለውን ለይ፣ የአንዱን የቢም አቅጣጫ በሌላኛው የጎን አባዛ፣ በተራ ሁለቱንም፣ ደምር፣ ከዛ ለጎኖቹ ድምር አካፍል። የሚወጣው የተሰነጠቀው ኒውክለስ ራሱ ሲሄድበት የነበረው ፍጥነት ነው፣ ስንጣሪዎቹ በየትም አቅጣጫ ይውጡ። ሐሙስና አርብ ያስጨነቀኝ የ30 ዲግሪ ጭራ በዚህ ቀመር ሙልጭ ብሎ ጠፋ፣ ሁሉም 1 ላይ ተሰበሰቡ (ፍጥነቱን ለሙሉ ውህደቱ ፍጥነት አካፍዬ ነው የሳልኩት)። ከዛ ሁለተኛ አክሲስ ጨመርኩ፣ ሁለቱ ስንጣሪዎችና ቢሙ አንድ ወለል ላይ ካልሆኑ ኒውክለሱ ወደ ጎንም ይሄድ ነበር ማለት ነው፣ እሱን ይለካል። ሙሉ ውህደት ከሆነ ወደ ጎን የሚሄድበት ምክንያት ስለሌለው ዜሮ ላይ ነው። ካርቦኑ በ140 ያመለጠው ግን ግፊቱ ወደ ጎንም አለበት፣ እንደ አቅጣጫው ከዜሮ እስከ ግማሽ ያህል ይበተናል፣ ወደፊት ደግሞ 1.5 አልፎ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጠባብ ጥቁር ነጥብ ከጎኑ ደግሞ የተዘረጋ ደመና፣ የትናንቱ ሁለቱ ጉብታ በሚደራረብበት አንግል እንኳ ደመናው ወደ ጎን ስለሚዘረጋ ጫፎቹ ይለያሉ። ይሄ ነው መልሱ።

ይሄ ዘዴ ዝም ብሎ ልምምድ አይደለም። ካንቤራ ያሉት ሂንድና ባልደረቦቹ 1995 ላይ ያወጡት የኦክስጅን 16 እና ዩራኒየም 238 ሥራ እዚሁ ላይ የቆመ ክርክር ነው። ዩራኒየም 238 ክብ አይደለም፣ ሞላላ ነው፣ ኦክስጅኑ ጫፉን ሲነካው እና ወገቡን ሲነካው ባሪየሩ ይለያያል። ከባሪየሩ በታች ባለ ጉልበት መግባት የሚችለው በጫፉ በኩል ብቻ ነው፣ እነሱም ስንጣሪዎቹ የወጡበትን የአንግል ስርጭት አይተው በጫፍ የገባው በደንብ ሳይዋሃድ ቶሎ ተመልሶ ይከፈላል አሉ፣ ኳሲፊሽን የሚባለው። 2004 ላይ ደግሞ ኒሺዮ እና የጃፓን ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ሄዱ፣ ሳይሰነጠቁ የተረፉትን የፈርሚየም ኒውክለሶች ቆጠሩና ከባሪየሩ በታችም ሙሉ ውህደት አለ አሉ። እኔ ሁለቱንም ነው ለክፍሉ የማቀርበው፣ አንደኛው ከሞቱት ሌላኛው ከተረፉት ነው የተነሳው፣ ተማሪ ይከራከርበት።

ለምን ይሄን ያህል ይጨነቃሉ ለሚለኝ፣ ሩሲያ ዱብና ላይ ካልሲየም 48ን ፕሉቶኒየም ካሊፎርኒየም ላይ እየተኮሱ ነው እነ ፍሌሮቪየም ኦጋነሶን የሚባሉት እጅግ ከባድ ኤለመንቶች የተሰሩት፣ እዛ ላይ አብዛኛው ግጭት በኳሲፊሽን ነው የሚባክነው፣ ከግጭቱ የቱ ያህል በትክክል እንደተዋሃደ ማወቅ የዕድሜያቸው ጥያቄ ነው።

ማክሰኞ ማታ

አጭር ነገር፣ አንድ ተማሪ ኮዱን ገልብጬ ዩራኒየሙን ቢም ካርቦኑን ታርጌት ባደርገውስ አለኝ። አሪፍ ጥያቄ፣ ፈረንሳይ ጋኒል የሚባለው ላብራቶሪ የተሰራው ይሄው ነው፣ ዩራኒየም 238 በኑክሊዮን 6.1 ሜቮ ካርቦን 12 ላይ። አስኬድነው፦ የሚፈጠረው ካሊፎርኒየም 250 በብርሃን ፍጥነት 11 ከመቶ ወደፊት ይበራል፣ ስንጣሪዎቹ ያላቸው የራሳቸው ፍጥነት 4 ከመቶ ብቻ ስለሆነ የትም ቢሞክሩ ወደ ኋላ መውጣት አይችሉም፣ እኩል ከተከፈሉ ሁሉም ከቢሙ 22 ዲግሪ ውስጥ ይታጨቃሉ። ጥቅሙ ፈጣን ስለሆኑ በስፔክትሮሜትር አስገብቶ የስንጣሪውን ፕሮቶን ቁጥር ሳይቀር አንድ በአንድ መለየት ይቻላል፣ በእኛ የኦክስጅን ቢም ስንጣሪው ቀርፋፋ ስለሆነ ይሄ ከባድ ነው። ልጁን ከሪፖርቱ ነፃ አውጥቼዋለሁ፣ ይሄንን ይስራ።

ሐሙስ

ፋይሎቹን አዘጋጀሁ። የ90፣ የ100 እና የ140 ሜቮ ዳታ፣ በያንዳንዱ ውስጥ ሙሉ ውህደትና የአልፋ ዝውውር ተቀላቅሎ፣ ምን ምኑ እንደሆነ ሳይጻፍበት፣ አምዶቹ ሁለት የላብ አንግል፣ ከወለሉ የወጣበት አንግል እና ሁለት ፍጥነት ብቻ ናቸው። ፍላሽ ላይ አለ፣ ኮምፒውተር ላብ ያሉት ማሽኖችም ላይ ተጭኗል፣ የሞባይል ዳታ የሌለው ልጅም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መጀመሪያ ፎልዲንግ አንግሉን ይሳሉ፣ ጭራውን ይዩ፣ የ90ው እና የ140ው ጉብታ ቦታ መቀያየሩን ይዩ፣ ከዛ ቀመሩን እሰጣቸዋለሁ እንጂ መጀመሪያ አልሰጥም።

የቀረኝ ቶሪየም ነው። ጃፓን ቶካይ ላይ ኦክስጅን 18ን ቶሪየም 232 ላይ እየተኮሱ፣ ያመለጠውን ትንሹን ኒውክለስ በሲሊከን ዲቴክተር ለይተው ይይዙታል፣ ያመለጠው ምን እንደሆነ ከታወቀ የተሰነጠቀው ማን እንደሆነ በቅናሽ ይታወቃል፣ በአንድ ሙከራ ብዙ ዓይነት የቶሪየም የፕሮታክቲኒየም የዩራኒየም አይሶቶፕ ፊሽን ያገኛሉ። ኮዱ ላይ የሚቀየረው ትንሽ ነው፣ ዜዱና ኤው፣ ባሪየሩ፣ እና ካርቦን ብቻ የነበረው አምላጭ ዝርዝር ይሆናል። ጓደኛዬ ዝርዝሩን የሚያነበውን ክፍል ቅዳሜ ኮምቦልቻ ስወርድ እንጽፈዋለን ብሏል፣ እስከዛ የክብደት ሰንጠረዡን ከአቶሚክ ማስ ዳታው ላይ እየገለበጥኩ ነው።